ጊታርን ሁለት ጊዜ የተማረው መምህር

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ የጃዝ ጊታር ተጫዋችና የሙዚቃ መምህር ለመጻፍ የተነሣሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ጊታር ከሚለማመዱት ልጆች አንዱ መሆኔ ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ አንጎል ስንማር «ሰው የኖረውን ሁሉ ቢረሳ ያው የቀድሞው ሰው ነውን?» የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ስለ ተደወለ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚህን ሰው ታሪክ ባነበብኩ ቍጥር የክፍላችን ክርክር ትዝ ይለኛል።

የሰውየው ስም ፓት ማርቲኖ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የኖረው በአሜሪካ ስለ ሆነ ወደ እኛ አቈጣጠር መመለሱ አንባቢን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም።

ፓት ማርቲኖ ኦገስት 25 ቀን 1944 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም አዛራ ሲሆን ማርቲኖ በመድረክ የታወቀበት ስም ነው። ወገኖቹ ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ የፈለሱ ሰዎች ነበሩ። አባቱ በከተማው የምሽት ክበቦች ይዘፍን ነበር፤ ከዚህም ሌላ የጃዝ ጊታር አባት ከሚባሉት አንዱ ከሆነው ከኤዲ ላንግ ለጥቂት ጊዜ ጊታር ተምሮ ነበር። አባት ራሱ ትልቅ ሙዚቀኛ ሳይሆን ቀረ፤ ልጁን ግን ገና ሕፃን ሳለ ታላላቅ ሙዚቀኞች ወደሚጫወቱበት ስፍራ ይዞት ይሄድ ነበር። ማርቲኖ በኋላ ስለ ልጅነቱ ሲናገር፣ እንዲተጋ ያደረገው አባቱን ለማስደሰት የነበረው ፍላጎት መሆኑን ገልጿል። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

ጃዝ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት ቃል ልጨምር። ጃዝ በሃያኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል፣ ይልቁንም በኒው ኦርሊንስ ከተማ ያደገ ሙዚቃ ነው። ዋናው ጠባዩ ተጫዋቹ የታወቀ ዜማ ይዞ ተነሥቶ በዚያው ሰዓት፣ በሕዝብ ፊት፣ አዲስ ዜማ እየፈጠረ መሄዱ ነው። ቅኔ ዘራፊ ሕጉን ሳይለቅ አዲስ ነገር እንደሚያመጣ ማለት ነው። ጊታር በዚህ ሙዚቃ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ድምፁ አነስተኛ ስለ ነበረ ከበሮውን አጅቦ ምት ከመጠበቅ በቀር ብዙ ክብር አልነበረውም። በ1930ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመጣና በ1939 ቻርሊ ክሪስቲያን በቤኒ ጉድማን ጓድ ውስጥ ገብቶ ሲጫወት ግን ጊታርም እንደ መለከትና እንደ ሳክስፎን በግንባር ቆሞ ሊናገር እንደሚችል ታወቀ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ዌስ ሞንትጎመሪ በመምቻ ፈንታ በአውራ ጣቱ እየመታ ዓለምን አስደነቀ። ማርቲኖ በወጣትነቱ ከሁሉ አብልጦ ይከተለው የነበረው ይህንኑ ዌስን ነው።

ማርቲኖ ጊታር የጀመረው በ12 ዓመቱ ነው። በፊላደልፊያ ዴኒስ ሳንዶሊ የሚባል የታወቀ መምህር ነበረና ወደ እርሱ ሄዶ ተማረ። ከእርሱ ዘንድ ከተማሩት ሰዎች አንዱ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ነበር። ማርቲኖ እንደ ተረከው፣ ልጅ ሳለ ከትምህርቱ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ከኮልትሬን ጋር እየተገናኙ፣ ኮልትሬን ትኩስ ቸኮላታ እየጋበዘው ስለ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ትልቅ ሰው ለአንድ ልጅ ጊዜውን መስጠቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

አሁን የምጽፈው ለወላጆች ደስ የማይል ነገር ነው፤ ታሪክ ስለ ሆነ ግን አልደብቀውም። ማርቲኖ 10ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሙዚቃ ሥራ ገባ። እኔ ይህን የምጽፈው እንድንከተለው አይደለም፤ እርሱም ትምህርት ቤት ቢተው መማሩን አልተወም። መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከቻርልስ ኧርላንድ ጋር፣ ከዚያም ከልዩ ልዩ ጓዶች ጋር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሠራ። ቀጥሎ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው በሃርለም ተቀመጠ። ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከዊሊስ ጃክሰንና ከኦርጋን ተጫዋቹ ከጃክ ማክደፍ ጋር የሠራው በዚህ ዘመን ነው። በዚህ ዓይነት ጓድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የባስ ጊታር ተጫዋች የለም፤ ኦርጋን ተጫዋቹ የባሱን ዜማ በግራ እጁና በእግሩ ይጫወተዋል። ስለዚህ የጊታሩ ሸክም ከባድ ነው። ማርቲኖም በዚህ ሸክም ጠነከረ።

በ1967፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ «ኤል ሆምብሬ» የተባለውን የመጀመሪያ ሸክላ በስሙ አስቀረጸ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ ሸክላ ያወጣ ነበር። በ1968 ባወጣው «ባይና» በሚለው ሸክላ ላይ የህንድ አገር የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ታምቡራና ታብላ፣ ከጊታሩ ጋር ይሰማሉ። የአጨዋወቱ ልዩ ምልክት ረጅምና የማይቋረጥ የድምፅ ሐረግ ነው፤ ሌላው ተጫዋች ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ እርሱ አይቆምም። የሚጠቀምበትም ክር ከሌሎች ተጫዋቾች ክር እጅግ የወፈረ ነበር። ጊታር ይዞ የማያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሚያስከትል ላይረዳው ይችላል፤ በቀጭን ክር እንኳ ሁለት ሰዓት የተለማመደ ልጅ የጣቱን ጫፍ አይቶ ያውቀዋል። ማርቲኖ ግን ወፍራሙ ክር ድምፁን ሙሉ ስለሚያደርግለት አልለወጠውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በጭንቅላቱ ውስጥ ማንም ያላወቀው አደጋ ነበረ። በጤነኛ ሰው አካል የደም ቅዳና የደም መልስ የሚገናኙት እንደ ጸጕር በቀጠኑ የደም ሥሮች አማካይነት ነው፤ ከልብ በኀይል የተገፋው ደም በእነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል። አንዳንድ ሰው ግን ሲወለድ ጀምሮ በአንጎሉ አንድ ስፍራ እነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩት የደም ቅዳው በቀጥታ ከደም መልሱ ጋር እንደ ተወሳሰበ ክር ተቋጥሮ ይገኛል። የደም መልስ ግድግዳ ለዚያ ግፊት አልተሠራምና እያደር ይወጠራል፤ ይሳሳል፤ አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል። ሳይፈነዳም ቢሆን በአጠገቡ ያለውን አንጎል እያወከ ከባድ ራስ ምታትና የሚጥል በሽታ ያመጣል። የማርቲኖ በሽታ ይህ ነበር።

በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በሽታው በረታበት፤ በመድረክ ላይ ሳለ እንኳ ራሱን እስከ መሳት ደረሰ። ሐኪሞች ግን የነገሩን ሥር ስላላገኙት የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብለው ፈረዱበት። በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተዘግቶበት ተቀመጠ፤ መድኀኒት ተሰጠው፤ በኤሌክትሪክ ንዝረትም ታከመ። ይህን ሳነብ ተናድጄ ነበር፤ ሆኖም አንድ ነገር ማሰብ ይገባል። የጭንቅላትን ውስጥ ሳይከፍቱ በግልጥ ለማየት የሚያስችለው የራጅ መሣሪያ በሆስፒታሎች መግባት የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በየስፍራው አልተዳረሰም ነበር። ሐኪም ያላየውን ማከም አይችልም። የሚያሳዝነው ግን ሕመምተኛው «ሕመሜ ሌላ ነው» ቢል የሚሰማው አለማግኘቱ ነው።

በሽታው ከመድረክ ሲያርቀው ወደ ማስተማር ዘወር አለ። በካሊፎርኒያ፣ በሆሊውድ፣ በ1977 የተቋቋመ የጊታር ትምህርት ቤት ነበርና በዚያ አስተማረ። እዚያው ሳለ በ1980 በሽታው እጅግ ጸናበት፤ በዚህ ጊዜ የጭንቅላቱ ፎቶግራፍ ተነሣና ነገሩ ተገለጠ። ደም በአንጎሉ ውስጥ እየፈሰሰ ነበር፤ የሚቀረው ጊዜም አጭር መሆኑ ተነገረው። ወላጆቹ ወዳሉበት ወደ ፊላደልፊያ በአውሮፕላን ተመለሰና የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ፍሬድሪክ ሲሚዮን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ሕይወቱን አተረፉለት። ነገር ግን ከአንጎሉ በግራ ጆሮ ግንድ በኩል ከሚገኘው ክፍል አብዛኛው መወገድ ነበረበት፤ በ2014 በታተመ የሕክምና ጽሑፍ ላይ እንደ ተገለጠው የተወገደው ከዚያ ክፍል 70 በመቶ ያህል ነው። ይህ ክፍል ደግሞ ከማስታወስ ጋር ትልቅ ግንኙነት አለው።

ማርቲኖ ሲነቃ በአልጋው አጠገብ የቆሙትን ሁለት ሰዎች አላወቃቸውም፤ እናቱና አባቱ ነበሩ። ሙዚቀኛ መሆኑንም አላወቀም። ጐልማሳ ሰው ነበረ፤ ከኋላው ግን ምንም አልነበረም።

እዚህ ላይ ወደ ክፍላችን ክርክር እመለሳለሁ። የአንጎል ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ማስታወስ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በ1953 በአሜሪካ ኤች. ኤም. በሚል አኅጽሮት የታወቀ ወጣት ከሚጥል በሽታ እንዲድን ተብሎ ከአንጎሉ በሁለቱም ጆሮ ግንዶች በኩል ያለው ውስጣዊ ክፍል ተወገደለት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው፤ ከደቂቃዎች በፊት ያነጋገረውን ሰው አያስታውስም ነበር። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ግን እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል እንዲከተል አለማመደችው። በየቀኑ እየተሻለው ሄደ፤ መለማመዱን ግን በየቀኑ ይረሳው ነበር። እጁ ተማረ፤ እርሱ ግን መማሩን አላወቀም። ከዚህ የተገኘው ዕውቀት፣ የኖርነውን የምናስታውስበትና የሥራ ልማድ የምንይዝበት የአንጎል ክፍል የተለያየ መሆኑ ነው። ብስክሌት መንዳት፣ መጻፍ፣ ክራር መምታት የመሳሰለው ልማድ በአብዛኛው የሚቀመጠው በአንጎል ጥልቅ ክፍልና ከኋላ በኩል ባለው ትንሹ አንጎል ነው። የማርቲኖ ሐኪሞች ቢላ እዚያ አልደረሰም።

ታዲያ ጊታሩን አንሥቶ ወዲያው ተጫወተን? አልተጫወተም። ይህ ነው ታሪኩን ከተረት የሚለየው። አባቱ ልጁ ያስታውስ እንደ ሆነ ብሎ የልጁን የቀድሞ ሸክላዎች በቤት ውስጥ ያጫውት ነበር። ማርቲኖ በክፍሉ ተኝቶ ድምፁን ሲሰማ ደስ አላለውም፤ አስጨነቀው እንጂ። የማያውቀውን ሰው ሁን እያሉ የሚገፉት መሰለው። እኔ በዚህ ቦታ የማዝነው ለሁለቱም ነው። አባት ልጁን ይፈልጋል፤ ልጁ ግን አባቱ የሚፈልገው ሰው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። በልጅነቱ አባቱን ለማስደሰት የተጋው ልጅ፣ አሁን አባቱን የሚያስደስትበትን መንገድ ከሸክላ ላይ መማር ሊኖርበት ነው።

ቀስ በቀስ ግን ጊታሩን ማንሣት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጊታሩ ለእርሱ ከሐዘንና ከድብርት መሸሻ መጫወቻ እንጂ ሙያ አልነበረም። ጣቶቹ በጊታሩ አንገት ላይ ሲሄዱ ግን አንዳንድ መንገድ ራሱ ይገለጥለት ነበር። የገዛ ሸክላዎቹን እየሰማ፣ አንድ ተማሪ ከመምህሩ ቃል በቃል እንደሚቀበል፣ ከራሱ ተቀበለ። በዓለም ላይ ራሱ የራሱ ደቀ መዝሙር የሆነ መምህር ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ዓመታት ፈጀ። በ1987 በኒው ዮርክ «ፋት ቱስዴይስ» በሚባል የምሽት ክበብ ከባስ ተጫዋቹ ስቲቭ ላስፒናና ከከበሮ መቺው ጆይ ባረን ጋር በሕዝብ ፊት ተጫወተ፤ ጨዋታውም ተቀርጾ «ዘ ሪተርን» ማለት «መመለስ» በሚል ስም ወጣ። ከቀዶ ሕክምናው ሰባት ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ከዚህ በኋላም ነገሩ ሁሉ አልጋ ባልጋ አልሆነለትም፤ ወላጆቹ በሕመም ተለዩትና እንደ ገና ከመድረክ ራቀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ ሸክላ ማውጣት ሲጀምር ግን ከእንግዲህ አልቆመም። በ1997 «ኦል ሳይድስ ናው»፣ በ2001 ከኦርጋን ተጫዋቹ ከጆይ ዲፍራንቼስኮ ጋር የሠራው «ላይቭ አት ዮሺስ»፣ በ2003 «ቲንክ ታንክ» ወጡ። በ2004 «ዳውንቢት» የተባለው የጃዝ መጽሔት አንባቢዎች የዓመቱ ጊታር ተጫዋች አድርገው መረጡት። በ2006 ለቀድሞው ጀግናው ለዌስ ሞንትጎመሪ መታሰቢያ የሚሆን ሸክላ አወጣ፤ ስሙንም «ሪሜምበር» አለው፤ «አስታውስ» ማለት ነው። ለእርሱ ይህ ቃል ከእኛ ይልቅ ክብደት እንዳለው አንባቢ ይገምት።

ስለ መምህርነቱም መናገር ይገባኛል፤ በክበባችን ለምንለማመድ ልጆች ከሁሉ የጠቀመን ይህ ነውና። ማርቲኖ በቤቱም፣ በልዩ ልዩ አገሮችም፣ በ2024 በተዘጋው በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲም አስተምሯል። የሙዚቃ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለፒያኖ እንዲመቹ ሆነው ነው፤ በፒያኖ ላይ ነጩና ጥቁሩ ተለይቶ በአንድ መሥመር ተደርድሯል። ጊታር ግን እንዲህ አይደለም። ማርቲኖ «ጊታር የራሱ ጠባይ አለው፤ ትምህርቱም ከዚያው ጠባይ መውጣት አለበት» የሚል ሐሳብ ነበረው።

ዘዴው እንዲህ ነው። በሙዚቃ 12 ግማሽ ድምፆች አሉ። 12ን ለአራት እኩል ብንከፍል፣ እርስ በርሳቸው በሦስት ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ አራት ድምፆች እናገኛለን፤ በአንድነት ሲመቱ «ዲሚኒሽድ» የሚባለውን ኮርድ ይሰጡናል። ይህ ኮርድ ብቻውን ሲሰማ የሚጨነቅ፣ ቤት የሌለው ዓይነት ነው። ነገር ግን ከአራቱ ድምፆች አንዱን፣ የፈለጋችሁትን፣ በአንድ ፍሬት ብቻ ዝቅ ብታደርጉ ሰባተኛ የሚባለው ኮርድ ይወጣል፤ የወረደውም ድምፅ የአዲሱ ኮርድ መሠረት ይሆናል። አራት ጣት ስላለ ከአንድ ኮርድ አራት ተወለዱ ማለት ነው። የተለያዩ ዲሚኒሽድ ኮርዶች ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ አራት 12 ይሆናልና ከሦስት ወላጆች አሥራ ሁለቱም ይገኛሉ።

እንደዚሁ 12ን ለሦስት ብንከፍል «ኦግመንትድ» የሚባለው ኮርድ ይወጣል። ምሳሌ፦ ዶ፣ ሚ፣ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሶል። የመጨረሻውን ጣት ወደ ሶል ብናወርደው የዶ ሜጀር፣ ወደ ላ ብናወጣው የላ ማይነር ይሆናል። ማርቲኖ እነዚህን ሁለት ኮርዶች ወላጆች ይላቸው ነበር። ተማሪ በመቶ የሚቈጠሩ የኮርድ ሥዕሎችን በቃሉ ከሚይዝ፣ ወላጆቹን አውቆ ልጆቹን በጣቱ ይውለድ ማለቱ ነው። በተመሳሳይ መንገድ ዜማ ሲፈጥር የተለያዩትን ኮርዶች ሁሉ ወደ ማይነር መልሶ ያስባቸው ነበር፤ አንድ ቋንቋ አጥርቶ ማወቅ ይበቃል እንደ ማለት። ከዚህ ሌላ የጊታርን ስድስት ክሮች ባለ ስድስት መሥመር ከሆኑት ከጥንታዊው የቻይና መጽሐፍ ምልክቶች ጋር ያዛምዳቸው ነበር፤ ይህ ግን ለእኔ ከትምህርት ይልቅ ምሥጢር ሆኖብኛል።

የማስታወስ ችሎታውን ያጣ ሰው የማስታወስን ሸክም የሚያቀል የትምህርት ዘዴ ማስተማሩ ብዙ ያሳስበኛል። እርግጥ ነው፤ ይህ አስተሳሰቡ ከሕመሙ በፊትም የነበረ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲማር ግን ለሌላው ያዘጋጀው መንገድ ለራሱ ሳይጠቅመው የቀረ አይመስለኝም።

ስለ ክርክራችን የራሴን ሐሳብ ብጠየቅ፣ ሁለቱም ወገን በከፊል ልክ ነበረ እላለሁ። በ1967ቱና በ1987ቱ ሸክላ ላይ የሚሰማው የጣት አካሄድ አንድ ነው፤ ጊታር ያወቀ ጆሮ አይሳሳተውም። ማርቲኖ ራሱ ግን የቀድሞውን ኑሮውን ሌሎች እንደ ነገሩት ታሪክ አድርጎ ተቀበለው እንጂ፣ ሁሉንም እንደ ራሱ ትዝታ አልመለሰውም። በኋለኛው ዘመን በሚሰጠው ቃል ላይ ያለፈውንና የሚመጣውን ትቶ አሁን በሚለው ጊዜ መኖርን ደጋግሞ ያነሣ ነበር፤ በ2011 የወጣው የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍም ስሙ «እዚህና አሁን» የሚል ነው።

ማርቲኖ በ2018 በኢጣልያ ካደረገው ጉዞ በኋላ በሳንባ ሕመም ምክንያት ጊታር መጫወት አቆመ። ኖቬምበር 1 ቀን 2021 በተወለደበት በፊላደልፊያ ከተማ በ77 ዓመቱ አረፈ።

የሙዚቃውን ድምፅ ለመስማት የሚፈልግ አንባቢ፣ ሸክላ ማጫወቻ ባይኖረው በስልኩም ቢሆን፣ መጀመሪያ «ኤል ሆምብሬ»ን፣ ቀጥሎ «ዘ ሪተርን»ን ያዳምጥ። በመካከላቸው ያለውን ሃያ ዓመት አስቀድሞ ለማያውቅ ጓደኛው ሁለቱን ያሰማውና ስንት ሰው እንደሚጫወት ይጠይቀው።